ከካርቶኑ ላይ የጎደሉት ፍሬዎች

ልጄ ስትስቅ ጥርሷ ቀይ ነበር።

መጀመሪያ ደም መሰለኝ። ወድቃ ከንፈሯ የደማ መስሎኝ እጄ ላይ የነበረውን ልብስ ጥዬ ጎንበስ አልሁና አገጯን ያዝሁ። ቁስል የለም። ምላሷን አስወጣኋት፤ እሱም ቀይ ነው። በነጠላዬ ጫፍ ብጠርገው ሮዝ ሆኖ ነጠላዬ ላይ ቀረ። ያን ቀለም አውቀዋለሁ። በዘር ሰሞን የባለቤቴ ጣቶች ላይ ቢታጠብ ቢታጠብ አልለቅ የሚል ቀለም ነው። የዘር በቆሎ መድኃኒት ነው።

ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ግድግዳው ላይ ያስደገፍሁት ካርቶን አለ። ካርቶኑ ላይ አራት ፊደል በበቆሎ ፍሬ ለጥፌ ነበር፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ሀ እና ለ በነጭ በቆሎ ስለሆኑ እንዳሉ ናቸው። ቀዮቹ ግን ተነካክተዋል። ሐ መካከለኛ እግሩ የለም። መ አንድ ዓይኑ ብቻ ቀርቷል።

«በላሽው?» አልኋት።

ሳቋ ቆመ።

«ስንት በላሽ? ንገሪኝ! ስንት ዋጥሽ?»

ጩኸቴን ራሴም አላወቅሁትም። እሷ ደግሞ አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች። ልጄ ስትፈራ እንዲህ ናት፤ አታለቅስም፣ አትናገርም፣ ድንጋይ ትሆናለች። ያን ቀን ቃል እንድታወጣ የቱን ያህል እንደለመንኋት፣ የቱን ያህል እንዳስፈራራኋት አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ቀዩ በቆሎ እንዴት ልጄ እጅ እንደገባ ካልተናገርሁ ነገሩ አይገባም። ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ይህች የመጨረሻ ልጄ ናት፤ አምስት ዓመት አልፏታል። አምና ኦ ክፍል አስገባኋት፤ ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ግን ሲከፈት ሲዘጋ ከረመ። በተከፈተበት ሰሞንም ቢሆን ልጄ አንዱን ፊደል ከሌላው ሳትለይ ነው ዓመቱ ያለቀው። ሀ ሲሏት ሀ ትላለች፣ ለ ሲሏት ለ ትላለች፤ ጣታቸውን አንስተው «ይኸስ?» ሲሏት ዝም።

አስተማሪዋ ከፍኖተ ሰላም የመጣች ወጣት ነበረች። አንድ ቅዳሜ እኛን እናቶቹን ዛፉ ሥር ሰበሰበችን። ትሪ ላይ አመድ ነስንሳ፣ በባልዲ ጭቃ አቡክታ፣ ገመድና እህል ይዛ ጠበቀችን። «ልጅ በዓይኗ ብቻ አትማርም» አለች። «በጣቷ ትንካው፣ በመዳፏ ትዳብሰው፣ ትሥራው። ቤታችሁ ባለው ነገር አጫውቷቸው።»

ሳቅን። አንዷ ጎረቤቴ፣ «አመድ ስንጠርግ የኖርነው እኛ፣ ደግሞ ልጆቻችን አመድ ሊማሩ ነው?» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። አስተማሪዋ አብራን ሳቀችና የጎረቤቴን ጣት ይዛ አመዱ ላይ «ለ»ን አስጻፈቻት። ሴትዮዋ ጣቷን እሳት የነካት ይመስል ሰበሰበችው። ከዚያ ግን መልሳ መልሳ ታየው ነበር። እኔም እጄ በላኝ።

እኔ የተማርሁት እስከ ሁለተኛ ክፍል ነው። ከፊደሉ ይልቅ የማስታውሰው አርጩሜውን ነው። አሁንም ሳነብ ጣቴን ከሥሩ ካላስኬድሁ መስመሩ ይጠፋብኛል። ልጄ እንደኔ እንዳትሆን ብዬ ነው የጀመርሁት። አመዱን በትሪ ነሰነስሁ። ጭቃውን አድቦልብለን ፊደል ሠራንና ፀሐይ ላይ አደረቅነው። ስም አወጣችላቸው። «ሐ»ን «ጉልቻው» አለችው፤ እግሩ ሦስት ስለሆነ። «መ»ን «የአባባ መነጽር» አለችው። ዓይኗን በሻሽ አስሬ የደረቀውን ጭቃ እጇ ላይ ሳስቀምጥላት ዳበስ ዳበስ ታደርግና «መነጽሩ! መ!» ትላለች። ዓመት ሙሉ ያልገባት ነገር በሁለት ሳምንት ገባት። እኔም ከእሷ ጋር አብሬ ተማርሁ ብል ውሸት አይደለም።

አባባ የባለቤቴ አባት ናቸው። ቄስ ናቸው፤ አርጅተው ከእኛው ጋር ይኖራሉ። ፊደልን የቆጠሩት ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠው፣ ለምነው እየበሉ ስለሆነ የእኛ ጨዋታ አልዋጥላቸው ብሎ ነበር። ካርቶኑን ሠርቼ ግድግዳ ላይ ሳስደግፍ መነጽራቸውን አስተካክለው አዩት።

«ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ፊደል ነው፣ አባባ።»

«ፊደል በብራና ሲጻፍ ነው የማውቅ። በበቆሎ ተጻፈ? እንግዲህ ዶሮዋም ለቅማ ለቅማ ዳዊት ትደግማለቻ!»

«ትድገም፣ አባባ። እርስዎ ሲደክምዎ ታግዝዎታለች።»

ሳቁ፣ ሳል እስኪይዛቸው ድረስ። ልጄ ከበሩ ጥግ ቆማ ትሰማ ነበር።

ቀዩን በቆሎ ለምን ጨመርሽ ብትሉኝ፣ አስተማሪዋ ቀለም ያለው ነገር የልጅ ዓይን ይይዛል ብላ ነበር። ከዘር የተረፈ እፍኝ የሚያህል ቀይ በቆሎ ከነከረጢቱ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። መድኃኒት እንዳለው አውቃለሁ፤ የማያውቅ ገበሬ የለም። በምንዘራበት ቀን ዶሮ እንዘጋለን፣ እጃችንን ሳንታጠብ እንጀራ አንነካም። ግን ዱቄት በውኃ አፍልቼ ሙጫ ሠርቼ ፍሬዎቹን አንድ አንድ እያልሁ ስለጥፍ፣ ፊደል ከሆነ በኋላ እህልነቱ የቀረ መሰለኝ። ለመታየት የተሰቀለ ነገር ማን ይበላዋል አልሁ። በዚያ ላይ ያምር ነበር። ይኸው ነው ጥፋቴ፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ያን ቀን ጠዋት ባለቤቴ በጭነት መኪና መራዊ ሄዷል፤ ስልኩ አይሠራም። ቤት ያለነው እኔ፣ አባባ፣ ስምንተኛ ክፍል የምትማረው ትልቋ ልጄና ትንሿ ነን። ጩኸቴን ሰምተው ሁለቱም መጡ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ተደበላልቆብኛል። አባባ ወተት ይዘው «አጠጫት፣ ያረክሰዋል» ይላሉ። ትልቋ «ወተት አይሰጥም እማየ፣ ምንም አይሰጥም!» ትላለች። የማንን ልስማ? ግማሽ ስኒ አጠጣኋት፤ ግማሹን ደፋሁት። ላስመልሳት ብዬ ጣቴን ጉሮሮዋ ከተትሁ፤ ነከሰችኝ። አባባ እጄን መነጨቁ።

«ተይ አንች ሴት! መርዙ ሳይገድላት አንች ታንቂያታለሽ!»

አዘልኋትና ወጣሁ። ትልቋ ከኋላዬ «ከረጢቱን እማየ! ከረጢቱን ያዢ፣ ጽሑፍ አለበት!» እያለች ስትጮህ ሰምቻለሁ። በደንብ ሰምቻለሁ። መንገድ ላይ ልብ ስል ግን ደረቴ ላይ አቅፌ የያዝሁት ካርቶኑን ነው። ለምን እንደያዝሁት እስካሁን አላውቅም። ልመለስ ልሂድ ስል ቆምሁ፤ እግሬ ግን ወደ አስፋልቱ ሄደ።

አስፋልቱ ከእኛ ቤት በእግር ግማሽ ሰዓት ነው። ልጄ ከጀርባዬ ትንፋሿ አንገቴን ይሞቀኛል። ሙቀቱ ሲቀንስ የሞተች እየመሰለኝ እቆማለሁ፤ እነቀንቃታለሁ። «አለሽ?» እላለሁ። በጉልበቷ ጎኔን ትነካኛለች። ይኸው ነው ምላሿ።

ባጃጅ ያቆመልኝ ልጅ፣ «ወዴት ነው ማዘር?» አለኝ።

«ቡሬ፤ ሆስፒታል። ልጄ መርዝ በላች።»

«መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ብለዋል፤ ግቢ፣ እንሞክራለን።» ካርቶኑን አየው። «ይኸስ? የሚሸጥ ነው?»

«ፊደል ነው።»

በመስታወቱ አየኝ። ያበድሁ ሳይመስለው አልቀረም። ፊቱን መልሶ ነዳው። በየጉድጓዱ ስንዘል ከካርቶኑ ላይ ፍሬ ሲረግፍ እየሰማሁ በነጠላዬ ጠቀለልሁት።

ሆስፒታል በር ላይ ሰው ሁሉ አሳለፈኝ። ድንገተኛ ክፍል ያገኘኋት ነርስ በዕድሜ እኩያዬ ናት።

«ስንት ፍሬ በላች?»

«እንጃ።»

«መቼ?»

«ጠዋት… ልብስ ሳጥብ… እንጃ፣ እኔ ሳያት አፏ ቀይ ነበር።»

«መድኃኒቱ ምን ይባላል?»

«እንጃ፣ እህቴ።»

«ከረጢቱን አላመጣሽም?»

ነጠላዬን ፈትቼ ካርቶኑን ሰጠኋት። አገላብጣ አየችው። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ምንድን ነው ይኸ?»

«ልጄን ፊደል የማስተምርበት ነው» አልሁ። አፌ ላይ ያለው ቃል እንዲያ ቀሎ ተሰምቶኝ አያውቅም። ፊደል ላስተምር ብዬ ገደልኋት ማለት ነው የቀረኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። አልሳቀም፣ አልተቆጣም። ልጄን ዓይኗን በባትሪ አየ፣ ሆዷን ዳበሰ፣ ትንፋሿን አዳመጠ። ከዚያ ካርቶኑን ወሰደና ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። ለካ እያንዳንዱ ፍሬ ሲነሳ ሙጫው ላይ ቦታው ይቀራል፤ ጥፍር የምታህል ሮዝ ጉድጓድ። በስክሪብቶ እየነካ ቆጠራቸው።

«ሃያ ስድስት» አለ።

ከዚያ ከነርሷ ጋር በእንግሊዝኛ አወሩ። በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ነው ሰው የሚፈራው። ፊታቸውን ሳይ አንዱ ደኅና ነች የሚል፣ አንዱ አይደለችም የሚል መሰለኝ፤ ወይ ደግሞ ስለ ሌላ በሽተኛ ይሆናል ያወሩት። እኔ ምን አውቄ።

«እናት፣ ይረጋጉ» አለኝ፤ አንቱ አለኝ። «ሃያ ስድስቱንም ከዋጠች ብዙ ነው፤ ጥቂት ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ የቀረው የት እንደገባ ማወቅ አለብን። ቤት የሚያነብ ሰው አለ? ከረጢቱን ያንብብልን።»

ነርሷ ነጠላዬን ስታራግፍ ሦስት ቀይ ፍሬ ወደቀ። ባጃጁ ውስጥ የረገፉት ናቸው። የልጄን ቀሚስ ስታወልቅ ደግሞ ከጠርዙ እጥፋት ውስጥ አራት ተገኘ። ሐኪሙ እየጻፈ ነው። እኔ በልቤ እቆጥርና እረሳዋለሁ፣ እቆጥርና እረሳዋለሁ።

ወደ ቤት ስልኩን ሦስቴ ሞከርሁ፤ በአራተኛው ትልቋ አነሳች። ለሐኪሙ ሰጠሁት። ከረጢቱ ላይ ያለውን ስም ማንበብ አቅቷት ፊደል በፊደል ስትጠራለት ድምጿ እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። ሐኪሙ አንድ በአንድ ጻፈና «ጎበዝ» አላት። ስልኩ ወደኔ ሲመለስ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነው።

«እማየ፣ ሌላም አለ። ዶሮዋ…»

«ምን ሆነች?»

«ቀይዋ ዶሮ አጥሩ ሥር ወድቃለች። አንገቷን ጥላለች። ትንቀጠቀጣለች።»

እንግዲያው ይገድላል ማለት ነው። ዶሮዋን ከጣለ የእኔን ብጣሽ ልጅ ምን ያደርጋት? ግድግዳውን ተደግፌ ወረድሁና መሬቱ ላይ ተቀመጥሁ። «ዶሮዋ ሞተች፤ ልጄም…» እያልሁ ነው መሰለኝ፣ ነርሷ ትከሻዬን ይዛለች።

«ዶሮዋ ሞተች?»

ልጄ ናት። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። አልጋው ላይ ቀና ብላለች።

«እኔ እኮ ነኝ ያስተማርኋት» አለችና አለቀሰች።

ነርሷ አጠገቧ ተቀመጠች። «ምን አስተማርሻት የኔ እመቤት?»

«ፊደል። አባባ ዶሮዋ ዳዊት ትደግማለች ብለዋላ። ፊደል ሳትቆጥር እንዴት ትደግማለች? መጀመሪያ የአባባን መነጽር ሰጠኋት። ቀጥሎ ጉልቻውን።»

«በላችው?»

«መጀመሪያ እምቢ አለች። እንዲህ ነው የሚበላ ብየ ቀመስሁላት። መራራ ነው። ተፋሁት።»

«ሁሉንም ተፋሽው?»

ጣቶቿን አየች። «አንዱ ወረደ። አንድ… ወይ ሁለት። ከዚያ እሷ ለመደችና ጨረሰችው።»

ነርሷና ሐኪሙ ተያዩ። እኔ ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላውቅም። የልጅ ቃል ነው፤ ፈርታም ይሆናል። ገና እስከ አስር ስትቆጥር የምታምታታ ልጅ ናት። ሐኪሙም እንዳላመነ ገባኝ፤ «ቢረጋገጥ ጥሩ ነበር» አለ።

ስልኩን አነሳሁ። «አባባን ስጪኝ» አልሁ። «አባባ፣ ዶሮዋን በቢላ ይረዱልኝ። ደረቷ ላይ እህል የምታጠራቅምበትን ከረጢት ይክፈቱና ቀዩን ፍሬ ይቁጠሩልኝ። በሞቴ፣ እጅዎን በላስቲክ ሸፍነው።»

«ምን?»

«የልጅቱ ነፍስ እዚያ ውስጥ ነው ያለው፣ አባባ። አሁኑኑ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ምራታቸው እንዲህ ስታዛቸው ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም። ያን ጊዜ ግን «እሽ ልጄ» ብቻ አሉ። ስልኩን አልዘጋሁትም። ቢላ ሲሳል ሰማሁ። ክንፍ ሲራገፍ ሰማሁ። ውኃ ሲፈስ ሰማሁ። ኔትወርኩ ይጠፋል ብዬ ትንፋሼን ይዣለሁ። ከዚያ የአባባ ድምፅ፣ ዳዊት እንደሚደግሙት ቀስ እያለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«እማየ» አለች ትልቋ፣ «አስራ ስድስት። አባባ ሁለቴ ቆጥረዋል። አስራ ስድስት ነው በያት ብለዋል።»

ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ አስራ ስድስት ጻፈ፤ ሦስት ከነጠላዬ፣ አራት ከቀሚሷ። ደምሮ ሃያ ሦስት አለኝ። ሦስት ይቀራል። ሦስቱንም ዋጠች ብንል እንኳ፣ ተፋሁት ያለችውን ሳንቀንስ፣ ሦስት ነው።

«አብረን እናያታለን» አለ። «እስከ ማምሻው እዚሁ ትቆያለች። ለውጥ ከሌላት ትሄዳላችሁ።»

ከሰል የመሰለ ጥቁር ነገር በውኃ በጥብጠው አጠጧት። ቀዩ አፏ ጥቁር ሆነ። ነርሷ፣ «አሁን ደግሞ ቀለም ቀንድ ውስጥ የወደቀች መሰለች» ብላ ሳቀች፤ እኔ መሳቅ አልቻልሁም።

ከሁሉ የከፋው ያ ጥበቃ ነበር። ልጄ እንቅልፍ ወሰዳት። እንቅልፍ ይሁን መርዙ ይሁን ምን ለይቼ አውቃለሁ? ቀሰቅሳታለሁ፤ ታጉረመርማለች። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ቀሰቅሳታለሁ። ነርሷ ሁለቴ ተቆጣችኝ፤ «እናት፣ ተያት እንጅ! ደክሟት ነው» እያለች። ተውኋት። ግን አልቻልሁም። መዳፌን ከጣቷ ሥር አስገባሁና ጆሮዋ ላይ ሹክ አልኋት።

«ጉልቻውን ጻፊልኝ።»

ዓይኗን አልገለጠችም። ጣቷ ዝም አለ። ከዚያ ጣቷ መዳፌ ላይ ተንቀሳቀሰ፤ አንድ እግር፣ ሁለተኛ እግር፣ ሦስተኛ እግር፣ ከላይ ክዳኑ። ሐ።

«የአባባን መነጽርስ?»

አንድ ክብ። ሁለት ክብ። ቀስ ብሎ፣ እንደተኛች።

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በመጣ ቁጥር በባትሪ ዓይኗን ያያል፤ እኔ ደግሞ እሱ ሲወጣ መዳፌን እሰጣታለሁ። ጣቷ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። በመጨረሻ ነቃችና ዳቦ አለች። ሐኪሙ ቆሞ ስትበላ አያት፤ ሆዷን ዳበሰ፣ የልቧን ምት ቆጠረ፤ ወረቀቱ ላይ ፈረመ።

«ይሂዱ እናት። ካስመለሳት ወይ ካንቀጠቀጣት ወዲያው ይምጡ። አሁን ግን ምንም የለባትም።» ካርቶኑን መለሰልኝ። «ፊደሉን አይተዉት። መድኃኒት ባልነካው እህል ያድርጉት፤ አጠገቧም ይቀመጡ።»

ቤት ስንደርስ ገና ብርሃን ነበር። አባባ አጥሩ በር ላይ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። ልጄን ከጀርባዬ አውርደው አፏን ከፍተው አዩ፤ መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ፣ እንደገና አወለቁ።

«ዶሮዋን ጥልቅ አድርጌ ቀበርኋት» አሉ። «የዘሩን ከረጢትም አብሬ። ሽማግሌ ሲቀልድ ማን እንደሚሰማው ዞር ብሎ ቢያይ ምን ነበረበት።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባባ። ለጣፊዋ እኔ ነኝ።»

«አንችማ ይኸው አስተምረሻል» አሉና ልጅቱን ይዘው ገቡ።

እኔ ውጭ ቀረሁ። ካርቶኑን ምድጃ ውስጥ ልከተው አልሁ፤ ጭሱም ይፈራል ብዬ ተውሁትና ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርሁት። እጄን በሳሙና ሦስቴ ታጠብሁ። ከውስጥ ልጄ ዶሮዋ ከመሞቷ በፊት እስከ የትኛው ፊደል እንደደረሰች አባባን ስትጠይቃቸው ይሰማኛል። ገብቼ በሩን ዘጋሁ፣ አጠገቧ ተቀመጥሁ፣ ግንባሯን ዳበስሁ። አልተኮሰም። ልጄ ደኅና ናት። ቤታችን ገብተናል።